ባለ ሦስት አውታር ዴስክቶፕ በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ፦ መመለሻውን አስቀድሞ ማዘጋጀት



የኮምፒዩተር ክፍላችን ከተከፈተ ወዲህ ደጋግማችሁ ከምትጠይቁን ጥያቄዎች አንዱ «ያ እንደ ሣጥን የሚዞረው ዴስክቶፕ እንዴት ነው የሚሠራው?» የሚለው ነው። አንዳንዶቻችሁ በቪዲዮ አይታችሁታል። የኮምፒዩተሩ ገጽ አራት ግድግዳ ያለው ሣጥን ይሆንና በማውስ ሲገፋ ይዞራል፤ መስኮቶችም ሲጎተቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይወዛወዛሉ። ነገሩ አስማት አይደለም፤ ውድ ኮምፒዩተርም የግድ አይፈልግም። ብዙ ዓመት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችም ይህን ማድረግ ይችላሉ።

የጥያቄያችሁ መልስ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ማስጌጫው እንዴት እንደሚበራ ነው። ሁለተኛው ነገሩ እንዳልታሰበው ሲሆን እንዴት ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ተምሮ ይነሣል። ኮምፒዩተሩ የራሱ ከሆነ የሚቸገረው እሱ ብቻ ነው። በእኛ ክፍል ግን በአንዱ ኮምፒዩተር የጠዋቱም የከሰዓቱም ፈረቃ በተራ ይጠቀማል። ጠዋት አንድ ተማሪ ያጠፋው ስክሪን ከሰዓት በኋላ ተራዋን ጠብቃ የመጣችውን ተማሪ ባዶ እጇን ይመልሳታል። ስለሆነም በዛሬው ትምህርት መጀመሪያ መመለሻውን እናዘጋጃለን፤ ማስጌጡ ከዚያ በኋላ ይመጣል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለ!

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት አጥንታችሁ ስትጨርሱ፦
1. አንድ ሥዕል ከፕሮግራሙ ተነሥቶ ስክሪን ላይ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ ታስረዳላችሁ፤
2. አንድ ኮምፒዩተር ለዚህ ሥራ መብቃት አለመብቃቱን ትመረምራላችሁ፤
3. ሌላውን ተጠቃሚ ሳትጎዱ ትለማመዳላችሁ፤ ሲበላሽም ትመልሳላችሁ፤
4. የሚዞረውን ዴስክቶፕና ሌሎች ጠቃሚ ማስጌጫዎችን ታዘጋጃላችሁ።

ለምሳሌ የምንወስደው ማቴ የተባለውን ዴስክቶፕ የያዘውን ሊኑክስ ሚንት ነው። ይህ መጽሔት በራሳችን ፊደል ብቻ ስለሚዘጋጅ በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ያለበትን ትእዛዝ በፊደላቱ ስም እየጠራን እናስቀምጣለን። እናንተ በኪቦርዱ ላይ ፊደሉን እየፈለጋችሁ ትመታላችሁ።

ሀ. ጥቂት ታሪክ

ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በሊኑክስ ላይ መስኮቶችን ለመሳል ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ኤክስ ዊንዶው የተባለው ሥርዓት ግን ከእሱ ይቀድማል፤ የተጀመረው በ1984 አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። ያኔ የኮምፒዩተር ገጽ ጠፍጣፋ ነበር፤ ርዝመትና ወርድ እንጂ ጥልቀት አልነበረውም።

ለውጥ የመጣው ደረጃ በደረጃ ነው። በ2004 ኤክስ ዊንዶው «ኮምፖዚት» የተባለ ተጨማሪ ክፍል አገኘ። በ2006 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በኖቬል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ሬቭማን «ኮምፒዝ» የተባለውን ፕሮግራም ለሕዝብ ይፋ አደረገ። የሚዞረው ሣጥንና የሚወዛወዘው መስኮት የታወቁት በዚህ ፕሮግራም ነው። በዚያው ዓመት በአሠራሩ ያልተስማሙ ሰዎች ተገንጥለው «ቤሪል» የተባለ ሌላ ፕሮግራም አወጡ፤ በ2007 ግን ሁለቱ ወገኖች እንደገና ተዋሐዱ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የወጣው ኡቡንቱ 7.10 ኮምፒዝን አብሮት እንዲመጣ አደረገ።

እዚህ ላይ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ዊንዶውስ ቪስታ የራሱን አሳላፊ መስኮቶች ይዞ ለገበያ የቀረበው በጃንዋሪ 2007 ነበር፤ የሚገኘውም በገንዘብ ነበር። ኮምፒዝ ግን ቀድሞ የወጣ ከመሆኑም በላይ በነፃ የሚገኝ ነው። ለመጫን ክፍያ የለውም፤ የባንክ ካርድ፣ መታወቂያ ወይም ቋሚ አድራሻ የሚጠይቅም የለም። ውስጡ እንዴት እንደ ተሠራ ማየት ለሚፈልግም የፕሮግራሙ ጽሑፍ ክፍት ነው። በየቢሮው ወረቀት ለሚጠየቅ እንደ እኛ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለ. ሥዕሉ ስክሪን ላይ እንዴት ይደርሳል?

አራት ተማሪዎች በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አብረው ሲጽፉ አስቡ። አንደኛው የጻፈውን ወደ ቀኝ ማዛወር ፈለገ እንበል። ሲያዛውር የሌላውን ጽሑፍ ይሸፍናል፤ የለቀቀው ቦታም ባዶ ይሆናል። በዚያ ባዶ ቦታ ቀድሞ የነበረውን ጽሑፍ እንደገና መጻፍ ያለበት የጽሑፉ ባለቤት ነው። ባለቤቱ ሌላ ሥራ ይዞት ከዘገየ ሰሌዳው እንደ ተበላሸ ይቆያል።

የቀድሞው የኮምፒዩተር አሠራር ይህን ይመስላል። ሰሌዳው ስክሪኑ ነው፤ ተማሪዎቹ ፕሮግራሞቹ ናቸው። አንድ ፕሮግራም «ስታክ» ሲያደርግ በላዩ ላይ የምትጎትቱት መስኮት ዱካውን እየተወ ሲሄድ አይታችሁ ይሆናል። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ የታችኛው ፕሮግራም ቦታውን እንደገና አልሳለም።

በአዲሱ አሠራር ግን ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ወረቀት ይሰጠዋል። ሁሉም በየወረቀቱ ላይ ይጽፋል፤ ሰሌዳውን የሚነካ የለም። አንድ አለቃ ብቻ ወረቀቶቹን ሰብስቦ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሚሆን እየወሰነ ሰሌዳው ላይ ይለጥፋል። ይህ አለቃ «ኮምፖዚተር» ይባላል። ኮምፒዝ እንዲህ ያለ አለቃ ነው።

የማስጌጡ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። አለቃው ወረቀቱን እንደ ያዘ ሊያዘነብለው፣ ሊያጥፈው፣ ሊያሳሳው ወይም በሣጥን ጎን ላይ ሊለጥፈው ይችላል። የወረቀቱ ባለቤት የሆነው ፕሮግራም ይህን ፈጽሞ አያውቅም፤ እሱ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህም ደብዳቤ የምትጽፉበት ፕሮግራም በሚዞር ሣጥን ላይ እንዲታይ ተብሎ አንድም ነገር አልተለወጠበትም።

ሥራው ምን ያህል ነው? እስቲ እናስላው። 1024 በ768 የሆነ ስክሪን ይኑረን። በላዩ ላይ ያሉት ነጥቦች ብዛት 1024 × 768 = 786,432 ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀለሙ 4 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ገጽ 786,432 × 4 = 3,145,728 ባይት፣ ማለትም 3 ሜጋባይት ይሆናል። ሥዕሉ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ 3 × 60 = 180 ሜጋባይት በየሰከንዱ መዘጋጀት አለበት። አምስት ሙሉ መስኮቶች ከተከፈቱ ደግሞ ወረቀቶቻቸው ብቻ 15 ሜጋባይት ሜሞሪ ይይዛሉ።

ይህን ሁሉ ዋናው ፕሮሰሰር ብቻውን ይሥራው ቢባል ለሌላ ሥራ ጊዜ አያገኝም። ስለሆነም ሥራው ለግራፊክስ ካርዱ ይሰጣል። ግራፊክስ ካርድ አንድ ዓይነት ቀላል ስሌት በብዙ ነጥቦች ላይ በአንድ ጊዜ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። ኮምፒዝ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ «ኦፕን ጂኤል» ይባላል፤ በ1992 በሲሊከን ግራፊክስ ኩባንያ የወጣ ነው። በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ሆኖ የሚቆመው ደግሞ «ድራይቨር» የምንለው ነው። አስተርጓሚው ከሌለ ካርዱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይረዳም።

ሐ. ኮምፒዩተሩ ይችላል ወይ?

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ይህን መርምሩ። «ኮንትሮል»፣ «አልት» እና «ቲ» የተባሉትን ቁልፎች በአንድ ላይ ስትጫኑ ተርሚናል ይከፈታል። በዚያ ላይ በትንንሽ ፊደል አይ፣ ኤን፣ ኤክስ፣ አይ ጻፉ፤ ክፍት ቦታ ተዉ፤ ሰረዝ አድርጉ፤ ሰረዙን አስከትላችሁ ትልቁን ጂ ጻፉና «ኤንተር» ምቱ። ስለ ግራፊክስ ካርዱ ጥቂት መስመሮች ይወጣሉ። ከእነሱ መካከል «ሬንደረር» የሚለውን ቃል ፈልጉና ከጎኑ የተጻፈውን አንብቡ።

የካርዱ ስም፣ ለምሳሌ ኢንቴል፣ ኤኤምዲ ወይም ኤንቪዲያ የሚል ከተጻፈ ሥዕሉን የሚሠራው ካርዱ ነው ማለት ነው፤ መቀጠል ትችላላችሁ። «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል ስም ካያችሁ ግን ካርዱ ሥራ ፈትቶ ሥዕሉን የሚሠራው ዋናው ፕሮሰሰር ነው። እንዲህ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ኮምፒዝን ብታበሩ ሣጥኑ ሊዞር ይችላል፤ ነገር ግን እየተንቀራፈፈ ነው፤ ሌላውንም ሥራ ሁሉ ያዘገያል። መጀመሪያ ለካርዱ የሚሆነው ድራይቨር መጫን አለበት። ካልተገኘ ያን ኮምፒዩተር ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ ተዉት።

በጣም አሮጌ በሆኑ የኢንቴል ካርዶች ላይ ሌላም ገደብ አለ። ጂኤምኤ 950 የተባለው ካርድ በአንድ ወረቀት ላይ በርዝመትም ሆነ በወርድ ከ2048 ነጥብ በላይ መያዝ አይችልም። አንድ ስክሪን ሲሆን ይበቃል። ወርዳቸው 1280 የሆነ ሁለት ስክሪኖች ጎን ለጎን ሲቀጠሉ ግን 2560 ይሆናልና ያልፈዋል።

መ. መመለሻውን ማዘጋጀት

ይህን ክፍል ሳትሠሩ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

1. የመለማመጃ አካውንት ክፈቱ። በሊኑክስ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ምርጫ በራሱ አካውንት ውስጥ ብቻ ይቀመጣል። አንዱ ዴስክቶፑን ቢያበላሽ የሌላው አይነካም። በመሆኑም የክፍሉን ኃላፊ አስፈቅዳችሁ በሜኑው ውስጥ «ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ» ከሚለው ቦታ ለመለማመጃ ብቻ የሚሆን አዲስ አካውንት አስከፍቱ። ዓይነቱ «ስታንዳርድ» ይሁን፤ የአስተዳዳሪ ሥልጣን አያስፈልገውም። ኮምፒዩተሩ ሲነሣም ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደዚህ አካውንት እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

2. የመመለሻ ቁልፍ በፓነሉ ላይ አኑሩ። በመለማመጃው አካውንት ግቡ። ሰዓቱና ሜኑው ያሉበት ረጅም መስመር «ፓነል» ይባላል። በፓነሉ ባዶ ቦታ ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ተጫኑና «አድ ቱ ፓነል» የሚለውን ምረጡ፤ ቀጥሎ «ከስተም አፕሊኬሽን ላውንቸር» የሚለውን ውሰዱ። በስሙ ቦታ «መመለሻ» ብላችሁ ጻፉ። በትእዛዙ ቦታ በትንንሽ ፊደል ኤም፣ ኤ፣ አር፣ ሲ፣ ኦ ጻፉ፤ ክፍት ቦታ ተዉ፤ ሁለት ሰረዝ አከታትሉ፤ ክፍት ቦታ ሳትተዉ አር፣ ኢ፣ ፒ፣ ኤል፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ ብላችሁ ጨርሱ። ትርጉሙ «ማርኮ የአሁኑን ተካው» ማለት ነው። ማርኮ የማቴ ዴስክቶፕ የራሱ መስኮት አስተዳዳሪ ነው።

ይህ ቁልፍ ለምን ይጠቅማል? ኮምፒዝ ሲሰናከል ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የመስኮቶቹ የላይኛው መስመር ነው፤ መስኮቱን መዝጋትም መጎተትም ያቅታችኋል። ፓነሉና ማውሱ ግን በኮምፒዝ የሚተዳደሩ ስላልሆኑ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ያን ጊዜ «መመለሻ» የሚለውን አንድ ጊዜ ብትጫኑ ማርኮ ቦታውን ይረከባል። የተከፈቱ ጽሑፎቻችሁ አይዘጉም፤ የጻፋችሁትም አይጠፋም።

3. ስክሪኑ ጨርሶ ቢጠቁርስ? የኤሌክትሪኩን ገመድ አትንቀሉ። «ኮንትሮል»፣ «አልት» እና «ኤፍ 2» በአንድ ላይ ተጫኑ፤ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ጥቁር ገጽ ይመጣል። በዚያ ገጽ ላይ «ኮንትሮል»፣ «አልት» እና «ዲሊት» ስትጫኑ ኮምፒዩተሩ ሥራውን በሥርዓት ዘግቶ እንደገና ይነሣል። ሲነሣ በመለማመጃው ሳይሆን በሌላ አካውንት ግቡ፤ ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ነው። የመለማመጃውን አካውንት የክፍሉ ኃላፊ አጥፍቶ አዲስ ይከፍትላችኋል። በዚህ አሠራር የሚባክነው የራሳችሁ ልምምድ ብቻ ነው፤ የሌላ ሰው ተራ አይባክንም።

አሁን «መመለሻ» የሚለውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ስክሪኑ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ እንደ ነበረ ከሆነ ቁልፉ ይሠራል። መመለሻ የሚሞከረው ከመበላሸቱ በፊት ነው።

ሠ. ኮምፒዝን ማብራት

በሜኑው ውስጥ «ኮንትሮል ሴንተር» ከዚያም «ዴስክቶፕ ሴቲንግስ» ክፈቱ። «ዊንዶውስ» የሚለውን ክፍል ስትጫኑ «ዊንዶው ማኔጀር» የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ። በዝርዝሩ ውስጥ ኮምፒዝ ካለ ምረጡት።

ከሌለ መጀመሪያ መጫን አለበት። «ሶፍትዌር ማኔጀር» በሚለው ፕሮግራም ውስጥ ኮምፒዝ ብላችሁ ፈልጉ። የሚያስፈልጉት አራት ናቸው፤ እነሱም ኮምፒዝ፣ ኮምፒዝ ማቴ፣ ኮምፒዝ ፕለጊንስ እና ኮምፒዝ ኮንፊግ ሴቲንግስ ማኔጀር ናቸው። ለመጫን የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል ስለሚጠይቅ ይህን የሚያደርገው የክፍሉ ኃላፊ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ጥቅሎቹን ኢንተርኔት ካለበት በፍላሽ ማምጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ከኮምፒዩተሩ የሊኑክስ ቅጂ ጋር የሚስማሙ መሆን አለባቸው። ጥቅሎቹ የሚፈልጓቸውም ሌሎች ጥቅሎች አብረው መምጣት ይኖርባቸዋል።

ኮምፒዝን እንደ መረጣችሁ ወዲያው ትልቅ ለውጥ አይታያችሁም። አትደነቁ። አለቃው ሥራውን ተረክቧል፤ ምን እንዲሠራ ግን ገና አልታዘዘም። ትእዛዝ የሚሰጠው «ኮምፒዝ ኮንፊግ ሴቲንግስ ማኔጀር» በሚለው ፕሮግራም ነው። እሱን ስትከፍቱ ብዙ ትንንሽ ሥዕሎችና በየጎናቸው ምልክት ማድረጊያ ሣጥኖች ታያላችሁ። እያንዳንዳቸው «ፕለጊን» ይባላሉ፤ አንድ ፕለጊን አንድ ሥራ ይሠራል።

እነዚህን ፕለጊኖች ግን በፍጹም አታጥፉ፦ «ኮምፖዚት»፣ «ኦፕን ጂኤል»፣ «ዊንዶው ዴኮሬሽን»፣ «ሙቭ ዊንዶው» እና «ሪሳይዝ ዊንዶው»። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሥራው መሠረት ናቸው። ሦስተኛው የመስኮቱን የላይኛ መስመር ይሠራል። የቀሩት ሁለቱ መስኮት ለማንቀሳቀስና መጠኑን ለመለወጥ ያገለግላሉ።

ረ. የሚዞረው ሣጥን

1. «ጄኔራል ኦፕሽንስ» ውስጥ ግቡና «ዴስክቶፕ ሳይዝ» የሚለውን ክፈቱ። አግድሙን 4፣ ቁመቱን 1፣ የዴስክቶፖቹን ብዛት 1 አድርጉ።
2. ተመለሱና «ዴስክቶፕ ኪዩብ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ፕሮግራሙ ይህ ፕለጊን «ዴስክቶፕ ዎል» ከሚባለው ጋር እንደማይስማማ ሊነግራችሁ ይችላል። ሁለቱም የገጾቹን አቀማመጥ የሚወስኑ ስለሆኑ አብረው አይሆኑም። ዎሉን እንዲያጠፋው ፍቀዱ።
3. «ሮቴት ኪዩብ» የሚለው ላይም ምልክት አድርጉ። የመጀመሪያው ሣጥኑን ይሠራል፤ ይህኛው ያዞረዋል።
4. «ኮንትሮል» እና «አልት» ተጭናችሁ የግራ ወይም የቀኝ ቀስት ምቱ፤ ሣጥኑ አንድ ጎን ይዞራል። «ኮንትሮል» እና «አልት» እንደ ያዛችሁ የማውሱን የግራ ቁልፍ ተጭናችሁ ብትጎትቱ ደግሞ ወደ ፈለጋችሁት አቅጣጫ ታዞሩታላችሁ።

እዚህ ላይ የጂኦሜትሪ ትምህርታችሁን አስታውሱ። የሣጥኑ ጎኖች ብዛት አራት ሲሆን አንዱን ጎን ለማለፍ 360 ÷ 4 = 90 ዲግሪ መዞር አለበት። አግድሙን 3 ብታደርጉት ሦስት ማዕዘን መሠረት ያለው ፕሪዝም ይሆናል፤ የሚዞረውም 120 ዲግሪ ነው። 6 ብታደርጉት ስድስት ጎን ያለው ይሆናል። ቁጥሩን እየለወጣችሁ ቅርጹን በዓይናችሁ ተመልከቱ።

ሣጥኑ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በአንደኛው ጎን የእንግሊዝኛ ንባባችሁን፣ በሁለተኛው መዝገበ ቃላቱን፣ በሦስተኛው የምትጽፉትን መልመጃ ብታኖሩ መስኮት በመስኮት ላይ ሳይደራረብ ትሠራላችሁ። ስክሪኑ አንድና ትንሽ ቢሆንም የሥራ ቦታችሁ አራት እጥፍ ይሆናል።

ሰ. የሚወዛወዘው መስኮት

«ወብሊ ዊንዶውስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። «ስናፒንግ ዊንዶውስ» ከሚለው ጋር እንደማይስማማ ከነገራችሁ ያኛውን እንዲያጠፋ ፍቀዱ። ከዚያ መስኮት ይዛችሁ ጎትቱ።

ይህ እንዴት ይሆናል? ኮምፒዝ በመስኮቱ ላይ 4 በ4 የሆኑ 16 ነጥቦችን ያስባል፤ ጎረቤት የሆኑትን ነጥቦች በሞላ ያያይዛቸዋል። በአግድም 3 × 4 = 12፣ በቁመት 3 × 4 = 12፣ በድምሩ 24 ሞላዎች ይሆናሉ። አንዱን ጥግ ስትጎትቱ ሞላው ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ሞላም ጎረቤቱን ይስባል። ይህ በፊዚክስ ክፍል የምትማሩት የሁክ ሕግ ነው፤ ሞላው የሚስብበት ኃይል ከተለጠጠበት ርዝመት ጋር ይመጣጠናል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ሕግ የማውቀው በወረቀት ላይ ነበር። እናንተ ግን ቁጥሩን እየለወጣችሁ ማየት ትችላላችሁ።

በፕለጊኑ ውስጥ «ስፕሪንግ ኬ» የሚለውን ብታሳድጉ ሞላው ይጠነክራል፤ መስኮቱም ፈጠን ብሎ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። «ፍሪክሽን» የሚለው ሰበቃው ነው፤ ስታሳድጉት መወዛወዙ ቶሎ ይቆማል፤ ስትቀንሱት ለረጅም ጊዜ ይወዛወዛል። አንዱን ብቻ እየለወጣችሁ፣ ሌላውን እንዳለ ትታችሁ ሞክሩ። ሳይንሳዊ ሙከራ የሚባለው ይኸው ነው።

ሸ. ለዓይን የሚረዳው

ከማስጌጫዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ብዙ ሰው የማያየው ነው። «ኤንሃንስድ ዙም ዴስክቶፕ» የሚለውን ስታበሩና የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን «ሱፐር» ቁልፍ ይዛችሁ የማውሱን ጎማ ወደ ላይ ስታዞሩ ጠቋሚው ያለበት ቦታ እየጎላ ይመጣል። ወደ ታች ስታዞሩ ይመለሳል። «ኔጌቲቭ» የሚለው ፕለጊን ሲበራ ደግሞ «ሱፐር» እና «ኤን» የመስኮቱን ቀለም ይገለብጣሉ፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ይሆናል። ነጭ ብርሃን ዓይኑን ለሚያስቸግረው ሰው ይህ እፎይታ ነው።

ዓይኗ በመድከሙ ፊቷን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ የምታነብ ተማሪ ከጎናችሁ ካለች መጀመሪያ ይህን አሳዩአት። መነጽር እስኪገኝ ድረስ ትምህርቷን አያቋርጥባትም።

ቀ. ያዘጋጁትን ማስቀመጥና ማካፈል

በሴቲንግስ ማኔጀሩ ውስጥ «ፕሪፈረንስስ» የሚል ክፍል አለ። በዚያ ያሉትን ሦስት ነገሮች እወቁ። «ኤክስፖርት» ምርጫችሁን በሙሉ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። «ኢምፖርት» ያን ፋይል በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ያነባል። «ሪሴት» ሁሉን ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። ስለዚህ አንድ ቡድን በጥንቃቄ ያዘጋጀውን ኮምፒዝ በተጫነባቸው በሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ በፍላሽ ማዛወር ይቻላል፤ እያንዳንዱ ከመጀመሪያው አይደክምም።

ሌላም አስታውሱ። «መመለሻ» የሚለው ቁልፍ የሚመልሰው ለዚያ ጊዜ ብቻ ነው። በ«ዴስክቶፕ ሴቲንግስ» ውስጥ ኮምፒዝ እንደ ተመረጠ ከተተወ በሚቀጥለው መግቢያ ጊዜ እንደገና ይነሣል። በቋሚነት ለመተው በዚያው ቦታ ማርኮን መምረጥ ያስፈልጋል። ሣጥኑ ሲዞር ግራፊክስ ካርዱ ስለሚሠራ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሆን ባትሪው ቶሎ ያልቃል። መብራት በሌለበት ሰዓት ማርኮን ተጠቀሙ።

ኮምፒዝ የሚሠራው በኤክስ ዊንዶው ላይ ነው። ዛሬ ብዙ የሊኑክስ ቅጂዎች «ዌይላንድ» ወደተባለው አዲስ ሥርዓት ተሻግረዋል፤ ኮምፒዝ በዚያ ላይ አይሠራም። አሠራሩ ግን አልጠፋም። ኬዲኢ ፕላዝማ የተባለው ዴስክቶፕ ቀርቶ የነበረውን የሚዞር ሣጥን በ2024 በ6ኛው ቅጂው እንደገና አምጥቶታል። ኮምፒዝን አርአያ አድርጎ ለዌይላንድ የተሠራ «ዌይፋየር» የተባለ ፕሮግራምም አለ። የፕሮግራሙ ስም ቢለዋወጥም ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ወረቀት የሚሰጠው፣ አንድ አለቃ የሚሾመውና ሥዕሉን ለካርዱ የሚያስተላልፈው አሠራር ያው ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ ነገ ሌላ ቦታ ሌላ ኮምፒዩተር ፊት ቢቀመጥ አይቸገርም።

መልመጃ

1. አንድ ስክሪን 1280 በ1024 ነጥብ ቢሆን አንድ ሙሉ ገጽ ስንት ሜጋባይት ይይዛል? በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስስ?
2. የሚዞረው ሣጥን 6 ጎን ቢኖረው አንዱን ጎን ለማለፍ ስንት ዲግሪ ይዞራል?
3. ነጥቦቹ 5 በ5 ቢሆኑ ጎረቤት ነጥቦችን የሚያያይዙት ሞላዎች ስንት ይሆናሉ?
4. «ሬንደረር» ከሚለው ቃል አጠገብ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል ብታገኙ ምን ትረዳላችሁ? ምንስ ታደርጋላችሁ?
5. የመስኮቶቹ የላይኛ መስመር ቢጠፋ ፓነሉ ለምን መሥራቱን ይቀጥላል?
6. በቡድን የሚሠራ፦ ለክፍላችሁ የሚስማማ ምርጫ አዘጋጁና በፋይል አስቀምጡ። እያንዳንዱን ፕለጊን ለምን እንዳበራችሁ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ምክንያት ያልተገኘለትን አጥፉት።

መልስ፦ 1ኛ. 5 ሜጋባይት፤ በሰከንድ 300 ሜጋባይት። 2ኛ. 60 ዲግሪ። 3ኛ. 40 ሞላዎች። የ4ኛውንና የ5ኛውን መልስ በክፍል «ለ»፣ «ሐ» እና «መ» ውስጥ ፈልጉ። የ6ኛውን በኮምፒዩተር ክፍለ ጊዜ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናየዋለን።

መልካም ጥናት!